ካሮትና ጉበቴ

ሹፌር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሃያ ምናምን ኢንጂነሮች እጭንና ፓሎ አልቶ መሥሪያ ቤታቸው ደጅ አራግፋቸዋለሁ፤ ማታ ደግሞ ለቅሜ እመልሳቸዋለሁ። አራግፋቸዋለሁ ያልኩት በንቀት አይደለም። እንቅልፋቸውን ስላልጨረሱ ሲወርዱ እውነትም የሚራገፉ ነው የሚመስሉት። በመሀል ያለው ጊዜ የእኔ ነው። እኔን ጉድ የሠራኝም ይኸው በመሀል ያለው ጊዜ ነው።

ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ባዶ አውቶቡስ ላይ፣ ብቻውን ሰባት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል? ይበላል። ምሳ ማለቴ አይደለም፤ ምሳማ ሰዓት አለው፣ ተበልቶ ያልቃል። የምላችሁ መክሰስን ነው። እናቴ ቤት መክሰስ በአስር ሰዓት መጥታ በአስር ተኩል የምትሄድ እንግዳ ነበረች። እኔ ዘንድ ግን ሻንጣዋን ይዛ ገብታ ቀረች። ጠዋት ከጣቢያው ማዶ ካለው ዶናት ቤት ስድስት ዶናት እገዛለሁ። ለሦስቱ ምክንያት አለኝ፤ ለሌሎቹ ሦስት ምክንያት ፈልጌላቸው አላውቅም። ከዶናቱ በኋላ ጨው ጨው ይለኝና ቺፕስ እከፍታለሁ፤ ከቺፕሱ በኋላ ጣፋጭ ያምረኝና ቸኮሌት፤ ከቸኮሌቱ በኋላ እንደገና ጨው። ኤግዚት የሌለው ፍሪዌይ በሉት።

ታዲያ ለዓመታዊ ምርመራ ስሄድ ዶክተሯ ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጠች። ዶክተሯ አጭር፣ ፈጣን፣ ነጭ ጋዋኗ ቁርጭምጭሚቷ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ሴት ናት። ስኳሬ "ቦርደር ላይ" መሆኑን ነገረችኝ። ቦርደር የሚለው ቃል ስደተኛ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። 

"አትደንግጥ፤ መድኃኒት አላዝልህም። መጀመሪያ መክሰስህን ቀይር" አለችና የምበላውን ትደረድርልኝ ጀመር። ሰለሪ አለች። ሃመስ አለች። አልመንድ፣ ኤደማሜ፣ ኪንዋ። እኔም ስማቸውን ሰምቼ መልካቸውን የማላውቃቸውን ሁሉ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ አሳለፍኳቸው። መጨረሻ ላይ "ካሮት" ስትል ነፍሴ መለስ አለች። ሰው በማላውቅበት ሠርግ ቤት ገብቼ ድንገት የሰፈሬን ልጅ ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ። በእንግሊዝኛም ካሮት፣ በአማርኛም ካሮት!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ካሮት አልተለያየንም። አለች አይደል፣ ትንንሽ ሆና፣ ተልጣ፣ ታጥባ በከረጢት የምትሸጠዋ? ትልቁን ከረጢት ገዝቼ ከመሪው በስተቀኝ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ዶናት ቤቱ አጠገብ ሳልፍ አውቶቡሱ ራሱ ወደዚያ የሚስብ ይመስለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ። በሳምንቱ ከረጢቷ ሳታልቅ ቀኑ አያልቅም ነበር። ተሳፋሪዎቼ እንኳ ለውጡን ሰሙት። አዩት አላልኩም፤ ሰሙት ነው ያልኩት። ከፊት ወንበር የምትቀመጠዋ ልጅ ጆሮዋ ላይ የደፋችውን ማዳመጫ አንስታ ምን ተሰበረ ብላ ዞር ዞር ብላ አይታለች።

በሁለተኛው ወር ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ሰው ሁለት ቀዳዳ ሲቀንስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይሰብካል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቸርች ውስጥ ሻይና ኩኪስ ይቀርባል። እኔ ከኮቴ ኪስ ካሮቴን አውጥቼ፣ ኩኪስ ባነሳ ወንድም ሁሉ ፊት ቀርጨም እያደረግሁ እቆማለሁ። "ስኳር ነው እኮ ወንድሜ" እላለሁ፤ ኩኪሱን የያዘው ሰው ደግሞ የሚያስቀምጥበት ይጠፋዋል። ባለቤቴ ትርሲት "ኧረ ሰው አታስጨንቅ፣ አንተ እኮ ገና ሁለት ወርህ ነው" ትለኛለች። አልሰማኋትም። ጤነኛ ሰው ምክር አያዳምጥም።

እንዲህ ስኮራ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው።

አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ጋሽ ታደሰን ሰላም አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ በጃንሆይ ዘመን ለትምህርት መጥተው፣ ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። እጄን ጨበጡኝ፤ ግን አልለቀቁኝም። ገለበጡት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መዳፌን እንደ ጋዜጣ አነበቡት።

"ልጄ፣ ይሄ እጅ ምን ነክቶት ነው?"

ሳየው እውነትም መዳፌ ቢጫ ነው። ቢጫም አይደል፣ ወደ ብርቱካን ያደላ ቢጫ።

"እርድ ይሆናል፣ ጋሼ። ትናንት አልጫ ነበር የበላነው" አልኳቸው።

"በሁለቱም እጅህ ነው እንዴ አልጫ የምትበላው?"

 መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና አሸሁት፤ የለም። ቤት ስደርስ በሎሚ አሸሁት፣ በጨው አሸሁት፣ በመጨረሻ የድስት መፈግፈጊያውን አነሳሁ። ቆዳዬ ተላጠ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። እስቲ ልየው ብዬ ካልሲዬን አወለቅሁ። ውስጥ እግሬ ከእጄ ይብሳል! መስታወት ፊት ሮጥኩ፤ አፍንጫዬ ጫፉ ላይ ቀልቷል ልበል ቢጫ ሆኗል፣ ብቻ የእኔ አፍንጫ አይደለም።

ትርሲትን ጠራኋት። መጣች፣ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጃችን ኤደንም መጣች። ኤደን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ አንድም ሳያመልጣት ትሰማለች፣ መልሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። "ዳድ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?" አለችኝ። የቤት ዕቃ የሰበርኩ ይመስል።

ወዲያው ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ለካ ከእኔ ከተለያዩ በኋላ ሲያስቡበት ቆይተዋል። "ልጄ፣ ላስደነግጥህ ብዬ አይደለም" አሉ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ተቀመጡ። "ተማሪ ሳለሁ አንድ የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። ልክ እንዳንተ ጀመረው። የወፍ በሽታ ነው። ጉበት።"

"ከዚያስ፣ ጋሼ? ዳነ?"

"ጎበዝ ልጅ ነበር" አሉኝ።

ነበር! 

በማግስቱ ክሊኒክ ደወልኩ። ነርሷ ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ።

"ቢጫ ነኝ" አልኳት።

"ሕመም አለህ?"

"የለኝም።"

"ትኩሳት? ማስመለስ?"

"የለም።"

"የምግብ ፍላጎትህስ?"

"እሱማ በጣም ጥሩ ነው።" እውነቴን ነው፤ እያወራኋት ራሱ እየቆረጠምኩ ነበር። ስፈራ አፌ ሥራ አይፈታም። በፊት ቢሆን ዶናት ነበር የማጎርሰው፤ አሁን ግን ጤነኛ ሰው ነኝና ካሮት።

"የዓይንህ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኗል?"

"ገና ነው" አልኳት።

እሷ "ገና" የሚለው ቃል አልገባትም መሰለኝ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚያ ዓይኔ ከተቀየረ፣ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ፣ ካልሆነ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለዶክተሬ ቀጠሮ እንደያዘችልኝ ነገረችኝ። ስምንት ቀን! እኔ በጭንቅላቴ ካርታውን ሠርቼዋለሁ። በሽታው ከእግሬ ተነስቶ እጄን አልፎ አፍንጫዬ ደርሷል። ከአፍንጫ እስከ ዓይን ስንት ቀን መንገድ ነው? ቀይ መብራት ላይ ስቆም መስታወቱን አዙሬ ዓይኔን እከፍታለሁ። ቅንድቤን ወደ ላይ፣ ጉንጬን ወደ ታች ጎትቼ አያለሁ። ስጎትተው ስጎትተው ዓይኔ ቀላ። አሁን ደግሞ ቀይ ሆነ ብዬ ሌላ ጭንቀት።

ተሳፋሪዎቼ እንዳያዩኝ ብዬ ጓንት አደረግሁ። በዚያ ሙቀት፣ ቆዳ ጓንት! ከፊት የምትቀመጠዋ ልጅ በማግስቱ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። አልፈረድኩባትም። ጠዋት በጨለማ ጥቁር ጓንት አድርጎ፣ መስታወት ላይ ዓይኑን እየጎለጎለ፣ የሆነ ነገር እየቆረጠመ የሚነዳ ሰው ኋላ መቀመጥ እኔም አልወድም ነበር።

አሁን ልብ በሉ፤ ወሬው ቸርች ደርሷል። የእኛ ሰው ደግሞ ለታመመ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። የጸሎት ቡድኑ መሪ እህት ሰብለ በመጀመሪያው ቀን በትልቅ ማሰሮ ጁስ ይዛ መጣች። "ጉበት ያጥባል፤ እኔ ራሴ ነኝ የጨመቅሁት" አለች።

"ምንድነው እህቴ?"

"ካሮት ነዋ!"

እንዴት ደስ አለኝ! በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ በትክክል ይዤ ነበር ለካ። አመስግኜ ሁለት ብርጭቆ እዚያው ጠጣሁላት። ጋሽ ታደሰ ባለቤታቸው የቀቀሉትን ስኳር ድንች ላኩ። እህቴ አስቴር ከሳን ሆዜ ትልቅ ሳህን የዱባ ወጥ በሰው እጅ ላከችልኝ። በሰው እጅ ያልኩት እኛ ቤት ስለማትመጣ ነው፤ እሷና ትርሲት ቅዝቃዜ አላቸው፣ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። እኔ ሁሉንም በላሁ። በጠዋት ካሮት፣ በምሳ ዱባ፣ በመክሰስ ስኳር ድንች፣ በእራት ጁስ። ምግቡ ሁሉ አንድ መልክ መሆኑን አየሁት እንዴ? አዎ፣ አይቼዋለሁ። ዶክተሯ ስለ ቀለም ያለችው ነገር ስላልነበረ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ግንባሬ ተከተለ። ዓርብ ኤደን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሳሎን ሶፋው ላይ አገኘችኝ። ሶፋችን ቡና ዓይነት ነው። "ዳድ፣ ቢጫነትህ ከሶፋው ላይ ጎልቶ ይታያል" አለችኝና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን በበሩ ስር ስታለቅስ ሰማኋት። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት። እስከዚያ ድረስ እኔ ስለራሴ ነበር የምጨነቀው። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ማመልከቻ እየሞላች ያለች ልጅ፣ አባቷ ሲሞት በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ታለቅሳለች። በሩን አንኳኳሁና "ኤዱዬ፣ ምንም አልሆንም" አልኳት። "ፕሮሚስ?" አለች ከውስጥ። ፕሮሚስ አልኩ። ጓንት ያጠለቀ ፕሮሚስ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋሽ ታደሰና እህት ሰብለ ሊጸልዩልኝ መጡ። ጸለዩ። ትርሲት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሆድህ ውስጥ ያስቀመጥከው፣ የሚከብድህ ነገር ካለ አውጣው። ለሥጋም ለነፍስም ይረዳል።"

አሰብኩ። ብዙ ኃጢአት አለኝ፤ ግን አብዛኛውን ትርሲት ታውቀዋለች። አንድ ብቻ ነበረ። አሥራ ስምንት ዓመት የተሸከምኩት አንድ ነገር።

"የሠርጋችን ኬክ" አልኩ።

 እንግዲህ ለእናንተም ላስረዳ። ስንጋባ ትርሲት የኬኩን የላይኛውን ፎቅ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠችው፤ በዓመቱ ባልና ሚስት አብረው ይበሉታል፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው ብላ። ያን ጊዜ እህቴ አስቴር ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። በዓመቱ ትርሲት ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻማ አብርታ ካርቶኑን ስትከፍተው ከፎይሉ ሌላ ያለ ነገር ሁለቱ የፕላስቲክ ሙሽሮች ብቻ ነበሩ። ቀጥ ብለው ቆመው። ትርሲት አስቴርን አየቻት። አስቴር ፊቷ ተለዋወጠ፣ አንገቷን ደፋች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። በወሩ ዕቃዋን ሰብስባ ሳን ሆዜ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት ሠርግና ለቅሶ ላይ ነው፤ ይሳሳማሉ፣ ግን ጉንጫቸው አይነካካም።

"ኬኩን የበላሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "በማንኪያ። ቆሜ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። አስቴር አይታኝ ይሆናል፤ ወንድሜን አላጋልጥም ብላ ይሆናል ዝም ያለችው። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ።"

ትርሲት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ቆሟል።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ..." አለችና አቋረጠችው። ቢጫ እጄን አየችው። አፍንጫዬን አየችው። የምትናገረውን ዋጥ አደረገችና በጣቷ እየጠቆመችኝ፣ "መጀመሪያ ዳን" አለች። "ከዳንክ በኋላ እንነጋገራለን።" ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "እኔ እንኳ ከበድ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር" አሉ በሹክሹክታ። ትርሲት ግን ሰምታለች። "ከዚህ በላይ ምን ይከብዳል፣ ጋሼ!" አለች ከነጠላው ውስጥ።

ማክሰኞ ደረሰ። ትርሲትም ኤደንም አብረውኝ መጡ። ዶክተሯ በሩን ከፍታ ገባችና አየችኝ፤ ካየችኝ በኋላ እርምጃዋ ቀነሰ። ጓንቴን አወለቅሁ። መብራት ይዛ መጣች፣ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ሆዴን ተጭና በጎድኔ ስር ጉበቴን ፈለገች። ምላሴን አየች። እንደገና ዓይኔ ላይ ተመለሰች።  ትርሲት እጄን ይዛኛለች፤ ኤደን የእናቷን እጅ ይዛለች።

"መክሰስህን ቀይረሃል?" አለችኝ ዶክተሯ።

ምን አገናኘው ብዬ፣ "ልክ እንዳዘዝሽኝ። ካሮት" አልኩ።

"ስንት ስንት ትበላለህ?"

"ትልቁን ከረጢት።"

"በሳምንት?"

"በቀን።" ትንሽ ኮራ ማለቴም አልቀረም፤ ጎበዝ በሽተኛ መሆኔን ትወቅልኝ። "ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ የካሮት ጁስ አለ። ማሰሮ ሙሉ። ዱባም። ስኳር ድንችም።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ክፉ ነገር ልትነግረኝ አቅም አጥታ እያለቀሰች መስሎኝ "አይዞሽ ዶክተር" አልኳት። እንደሱ ስላት ጭራሽ ባሰባት። ስትዞር ዓይኗን በሶፍት እየጠረገች ነው፤ በሳቅ ነበር።

አስረዳችኝ። ካሮት ውስጥ ያለው ቀለም ሲበዛ ሰውነት ያከማቸዋል፤ የሚያከማቸውም ቆዳ ወፈር በሚልበት፣ መዳፍ ላይ፣ ውስጥ እግር ላይ፣ አፍንጫ ላይ ነው። የዓይንን ነጭ አይነካም። ጉበት የታመመ ሰው ግን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ የእኔ እንደ ወተት ነው። ካሮቱን ሲተዉት ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ምንም ጉዳት የለውም። "ለማንኛውም ደም ስጥ፤ ከሰዓት ውጤቱ ስልክህ ላይ ይመጣል" አለች። ከዚያ እንደዚያን ቀኑ የምበላውን እንደገና ደረደረችልኝ፤ አሁን ግን የማውቃቸውን። ከለውዝ ከኦቾሎኒው እፍኝ፣ አንድ ፖም፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ የተቀቀለ ሽምብራ። "ቆሎስ?" አልኳት፤ ምን እንደሆነ ኤደን ነገረቻት፤ "በጣም ጥሩ፣ እፍኝ" አለች። "ካሮትም ብላ፤ አራት አምስት ፍሬ። ዋናው ነገር ቀያይር። አንድ ነገር ላይ አትንጠልጠል።" ኤደን ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈችው። እኔን አላመነችኝም፤ ልክ ናት።

በሩ ላይ ስንደርስ ኤደን አቅፋኝ ደረቴ ውስጥ ተቀበረች። እያለቀሰች ነው ስል፣ ለካ እየሳቀች ነው። ሁለቱንም ነበር መሰለኝ።

ፍሩትቬል ተመልሰን አንድ ታኮ ቤት ገባን። ከጠዋት ጀምሮ ማናችንም እህል አልቀመስንም ነበር።  ምግቡ ሊመጣ ሲል ስልኬ ጮኸ። እኔ ሳልደርስበት ኤደን ነጥቃ አነበበችው። "ጉበት ኖርማል። ኩላሊት ኖርማል። ስኳር..." ብላ ቀና አለች፣ "ዳድ፣ ቦርደሩ ላይ የለህም።"

ወንበሬ ላይ ቀለጥኩ። ለስምንት ቀን ሙሉ የያዝኩት ትንፋሽ በአንዴ ወጣ። የቸርቻችን ፓስተር ቢሆን ኖሮ ሃሌሉያ ይላል፤ እኔ "ታኮ ጨምሩልኝ" ነው ያልኩት።

ትርሲት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈች።

"ዳንክ?"

"ዳንኩ፣ ተመስገን።"

"ጥሩ። አሁን እንነጋገር።"

ጉድ ፈላ። እኔ እኮ የምሞት መስሎኝ ነው የተናዘዝኩት! የማልሞት መሆኔን ባውቅ አፌን እከፍት ነበር? ትርሲት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አሥራ ስምንት ዓመት ያቺን ልጅ በዓይኔ ስገርፋት ኖርኩ። ኤደን ስትወለድ ገንፎ ልታገነፋልኝ መጥታ በር ላይ ነው አመሰግናለሁ ብዬ የመለስኳት" አለች። ኤደን እናቷን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ብርቱካንማ እጄን ጠረጴዛ ስር ደበቅሁ። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

ትርሲት ስልኬን አንስታ አስቴርን ደወለችላት። ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ሄሎ? ወንድሜ? ምን አሉህ? ውጤቱ ምንድነው?" አለች አስቴር።

"እኔ ነኝ፣ ትርሲት ነኝ። ደህና ነው፤ ምንም የለበትም። ካሮት ነው።"

"ምን?"

"ካሮት። በኋላ እነግርሻለሁ። አስቱ፣" አለችና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ። ኬኩን የበላው እሱ መሆኑን ነገረኝ። ቅዳሜ ነው የነገረኝ። በድዬሻለሁ።"

  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"ትርሲትዬ" አለች አስቴር በመጨረሻ። "እኔም በልቻለሁ እኮ።"

"ምን?"

"ከሥር በኩል። ከላዩ እንዳይታወቅብኝ ካርቶኑን እየገለበጥኩ ከሥሩ እፈለፍለው ነበር። ሁሉንም እኔ የጨረስኩት መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ኀፍረቱ ነው ከቤታችሁ ያስወጣኝ።"

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለዚህ ነዋ ያ ኬክ እንደዚያ የቀለለኝ! ስንት ጊዜ ማንኪያዬን ስሰካ ባዶ ውስጥ ገብቶ፣ የፈረንጅ ኬክ አየር ነው እያልኩ ሳማ ነበር።

ትርሲት እኔን አየች። ስልኩን አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ሳቅ አፈነዳች፤ ጎን ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ዞሮ አየን። አስቴርም ከስልኩ ውስጥ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። "ወንድምና እህት! ሌቦች!" ትላለች ትርሲት እንባዋን እየጠረገች፣ "እኔ ቀሚሴን ለብሼ ሻማ ሳበራ ሁለታችሁም ቁማችሁ ታዩኛላችሁ!"

"የት ናችሁ?" አለች አስቴር።

"ፍሩትቬል።"

"መጣሁ" ብላ ዘጋችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የታኮ ቤቱ በር ተከፈተና አስቴር ገባች። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ ባጇ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ወንድሟ፣ ከሞት አፍ የተመለስኩት፣ ከወንበሬ ተነስቼ እጄን ዘረጋሁ። ትርሲት ግን በአጠገቤ እንደ ንፋስ አለፈችኝና በሩ ጋ አስቴር አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፣ አንዴ እያለቀሱ አንዴ እየሳቁ፣ በሰው መተላለፊያ ላይ ቆሙ። ኤደንም ሄዳ መሀላቸው ገባች።

ስምንት ቀን ሙሉ ያላየኝ፣ ያልገለበጠኝ፣ በመብራት ያልመረመረኝ ሰው አልነበረም። አሁን እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩና ታኮዬን መብላት ጀመርኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተረሳሁበት ቀን አላስታውስም።